ያላረጀው የጠረጴዛ መብራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በኮምፒውተር አጭር አኒሜሽን መሥራት እፈልጋለሁ። ላፕቶፔ ግን ደከም ያለ ነው። ሥራዬ ገና ሳይወጣ ያረጀ እንዳይመስል ሰጋሁ። ለመሆኑ የድሮዎቹ የኮምፒውተር አኒሜሽኖች ዛሬም ይታያሉ?
አንዲት ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ አንዳንዶቹ እንዴት አድርገው! እኔም እዚሁ ጅማ ለሰፈራችን ልጆች አልፎ አልፎ አጫጭር ፊልሞች አሳያለሁ። ፒክሳር የተባለውን የአሜሪካ አኒሜሽን ድርጅት ፊልም «ሉክሶ ጁኒየር»ን ሲያዩ መቼ ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የ1986 እ.ኤ.አ. ሥራ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ገደማ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የጠረጴዛ መብራት፣ ከኳስ ጋር። ዓይን የለ፣ አፍ የለ፣ ንግግር የለ። ትንሹ ሲዘልበት ኳሱ ይተነፍሳል፤ እሱም አንገቱን ይደፋል። ልጆቹ «ውይ፣ አሳዘነኝ!» ይላሉ።

ፊልሙ ዳላስ ውስጥ በኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ ላይ ሲታይ፣ የዘርፉ ሊቅ ጂም ብሊን ወደ ዳይሬክተሩ ጆን ላሴተር መጣ። ላሴተር ስለ ጥላው አሠራር ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ጠበቀ። ብሊን የጠየቀው ግን «ትልቁ መብራት እናት ነው ወይስ አባት?» ብሎ ነው። ለእኔ ይህ ጥያቄ ከሽልማት ይበልጣል።

የ1988ቱን «ቲን ቶይ» ደግሞ ተመልከቺ። ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው የኮምፒውተር አኒሜሽን ነው። የቆርቆሮው አሻንጉሊት ዛሬም ሸጋ ነው። ሕፃኑ ግን ያስፈራል፤ ቆዳው የደረቀ ሰም ይመስላል። የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ብረትና ፕላስቲክ ይሆንለት ነበር። ቆዳ፣ ፀጉርና ጨርቅ ግን አቃተው። የሰው ፊት ደግሞ ሁላችንም ስናየው ነው ያደግነው፤ ትንሽ ከተዛባ ወዲያው እናውቃለን።

ስለዚህ እህቴ፣ ለጊዜው ሰው አትሥሪ። የእኛን የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ሥሪ። ጠንካራ እንጨት ነው፣ ላፕቶፕሽን አያስጨንቅም። ብሌንደር የሚባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ቅርጹ ላይ ብዙ አትቆዪ፤ ጊዜሽን ለእንቅስቃሴው ስጪ። ከመዝለሉ በፊት ምን ያህል ዝቅ ይላል? ሲያርፍ ክብደቱ ይታወቃል? ሲደክመው በየትኛው እግሩ ያነክሳል? ዕድሜ የሚሰጠው ይሄ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ቀለሙን መጨረሻ ላይ አድርጊው። መጀመሪያ ግራጫውን በርጩማ ለጓደኛሽ አሳዪና «ምን ሆኖ ነው?» በያት። «አኩርፎ ነው» ካለችሽ ወደ ቀለሙ እለፊ።