ጓደኛችሁ ስትፋታ የገንዘቡን ነገር እንዴት ታግዟታላችሁ? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

በጎንደር ፍርድ ቤቶች በቤተሰብ ጉዳይ የምቆም ጠበቃ ነኝ። ጓደኛ ወይም ዘመድ በፍቺ ላይ ያለበት ሰው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ። እዚህ የሚሠራበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ የምትዳኙት በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው።

ከማራኪ፦ እትዬ፣ የጓደኛዬ ባል «ካርታው በስሜ ነው፣ አንቺ ምንም የለሽም» ይላታል። እውነቱን ነው?

አይደለም እህቴ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» ያለው ወገን ነው የሚያስረዳው። ደመወዝ አልነበራትም፣ ቤት ነበረች ማለትም ድርሻዋን አያሳጣትም።

የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በውርስና በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣው ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቤቱ የግል ቢሆንም በትዳር ዘመን የተሰበሰበው ኪራይ የጋራ መሆኑን ነው። ይህን ንገሪያት።

ከፒያሳ፦ ላግዛት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ከወረቀቱ። ሰው ሲያዝን ወረቀት መፈለግ አይሆንለትም፤ ያንቺ እጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ከሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። የጋብቻ ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የብድር ውል፣ የመኪና ወይም የባጃጅ ሊብሬ፣ የልጆች የልደት ካርድ ካለ ሁሉንም ኮፒ አድርጉ። ዋናውን ማግኘት ካልቻለች በስልክ ፎቶ ታንሳው። ኮፒው ካንቺ ዘንድ ይቀመጥ፣ እዚያው ቤት አይደር።

የባንክ ሒሳቡን ባንኩ ዝም ብሎ አይነግራትም፤ ፍርድ ቤት ሲያዘው ነው የሚያሳውቀው። ስለዚህ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ከአሁኑ ትጻፍ። ዕዳውንም እንዲሁ። ለቤተሰቡ ኑሮ የተወሰደ ብድር ፈራሚው አንዱ ቢሆንም የሁለቱም ዕዳ ነው። ንብረቱን ብቻ ቆጥሮ ዕዳውን የረሳ ሰው በክፍፍሉ ቀን ይደነግጣል።

ንብረት ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ከሰማችሁ አንድ ቀን አትደሩ። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱም ፈቃድ አይሸጥም። ፍርድ ቤት የዕግድ ትዕዛዝ እንዲሰጥ ታመልክት። ከተሸጠ በኋላ ማስፈረስ ቢቻልም የጊዜ ገደብ አለው፣ ድካሙም ብዙ ነው።

ከአዘዞ፦ ጓደኛዬ እየተፋታ ነው። «ባጃጁን በስምህ ላዙረው፣ ሲያልቅ ትመልስልኛለህ» አለኝ። አብሮ አደጌ ስለሆነ እምቢ ማለት ከበደኝ።

እምቢ በል ወንድሜ። ይሉኝታው ይገባኛል፤ ግን የጠየቀህ ወዳጅነትህን አይደለም፣ ስምህን ነው። ሚስቱ ሽያጩ የውሸት ነው ብላ ብትከራከር አንተም ችሎት ትቆማለህ። «በስንት ገዛኸው? ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?» ትባላለህ። ምለህ ልትዋሽ ነው? ውሉ ሲፈርስ እሱም በዳኛው ዘንድ ያለውን እምነት ያጣል፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ሲናገር እንኳ በጥርጣሬ ይሰማል።

ገንዘብ በሒሳብህ አስቀምጥልኝ ቢልህም መልሱ ያው ነው። ከባጃጁ ግማሹ የእሷ ነው፣ ልጆቹም የሚያድሩት ከእሷ ጋር ሊሆን ይችላል። ይልቅ ጠበቃ ጋ አብረኸው ሂድ፣ ባጃጁ ተገምቶ አንዱ ለሌላው ድርሻውን ከፍሎ የሚያስቀርበትን መንገድ ጠይቁ። በስምምነት ከሆነ ይቻላል።

ከአራዳ፦ ላበድራት ነው፣ ውል ማጻፍ ነውር አይሆንም?

አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ምስክር ቆጥሮ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ጻፉት፣ ለእሷም ይጠቅማታል፤ በክፍፍሉ ጊዜ ለቤቱ ወጪ የተበደረችው መሆኑን ታሳይበታለች። ዋስ ሁኚኝ ካለችሽ ደግሞ እስከ ስንት ብር እንደሆነ በውሉ ላይ ካልተጻፈ አትፈርሚ። ከቻልሽ ግን ብድሩን ትተሽ፣ ባይመለስ የማይጎዳሽን ያህል ስጫት። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ።

ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ፦ ዕቁቡና ዕድሩስ?

በትዳር ሳሉ የወጣው የዕቁብ ገንዘብ የጋራ ነው፤ ከወጣ በኋላ የቀረው መዋጮም የጋራ ዕዳ። ለዳኛው ቀድማ ታሳውቅ። ዕድሩ በባል ስም ከሆነ በራሷ ስም እንድትመዘገብ ታመልክት። ትንሽ ይመስላል፣ ሐዘን ሲመጣ ግን ይታያል።

ከቆላ ድባ፦ የገጠር መሬት ይከፈላል?

ደብተሩ በሁለቱም ስም ከሆነ የመጠቀም መብቱ የሁለቱም ነው። መሬቱ ራሱ አይሸጥም። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጋ መዝገቡን ታረጋግጥ።

ከማራኪ፦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጨርሰዋል፤ ፍርድ ቤት ለምን?

ሽማግሌ ማስማማት ይችላል፣ ጋብቻ ማፍረስ ግን አይችልም። ያ የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። የተስማሙት በጽሑፍ ሆኖ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅላቸው። ካልጸደቀ ሁለት ዓመት ቆይቶ «አልተስማማሁም» የሚል ይመጣል፤ እንዲህ ሆኖ ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ከአዘዞ፦ ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ የላትም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዚያ ውሰጃት። የዳኝነት ክፍያ ካቃታት በድሃ ደንብ ለመክሰስ ታመልክት። ክርክሩ እስኪያልቅ የሚበሉት ከሌለ ደግሞ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲወሰን ገና ከመጀመሪያው ትጠይቅ።

ከፒያሳ፦ ደክሟታል። «ሁሉንም ይውሰደው፣ ብቻ ይለቀኝ» ትላለች። ምን ልበላት?

አትቆጫት። መብቷ ነው፣ ድርሻዋን መተው ትችላለች። ግን በዚያው ቀን አትፈርም። ወረቀቱን ይዛ ትምጣ፣ ትተኛበት፣ ከዚያ ሌላ ሰው ያንብብላት። የልጆች ቀለብ ግን የእሷ አይደለም፣ የልጆቹ ነው፤ እሱን ልትተውለት አትችልም። በቀጠሮው ቀን ልጆቹን የሚይዝላት ሰው ካጣች አንቺ ያዢላት።