የቤት አማርኛ ለመረጃ ሥራ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ልጄ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። አሁን የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብቼ በወታደራዊ መረጃ የቋንቋ ባለሙያ እሆናለሁ ይላል። አማርኛው ይጠቅመዋል?
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ይጠቅመዋል፤ በሩን የሚከፍትለት ግን ዲላብ የሚባለው የቋንቋ ተሰጥኦ ፈተና ነው። የሚሰጠው ለፈተናው ብቻ በተፈጠረ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛ ማወቁ እዚህ አያግዘውም። ግስን ከቅጽል፣ ባለቤትን ከተሳቢ መለየቱን አጥርቶ ይከልስ። ዝቅተኛው ማለፊያ ለስፓኒሽና ለመሰል ቀለል ያሉ ቋንቋዎች 95፣ ለከባዶቹ ለዓረብኛና ለቻይንኛ 110 ነው።

የሚማረውን ቋንቋ የሚመድበው ጦሩ ነው። ሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ ባለው የመከላከያ ቋንቋ ተቋም ስፓኒሽ 36፣ ዓረብኛ 64 ሳምንት ይፈጃል። አማርኛ ይደርሰኛል ብሎ መፈረም የዋህነት ነው።

አማርኛው የሚታሰብለት በብቃት ፈተና ነው፤ ማዳመጥና ማንበብ ለየብቻ ይመዘናሉ፣ ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ቢያንስ 2 ይጠበቃል። የቤት አማርኛ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ የእናቱን ወሬ አንድም ሳያመልጠው የሚከታተል ልጅ ስለ በጀት ጉድለት ወይም ስለ ተኩስ አቁም ሲወራ ግራ ይገባዋል። ፊደሉን አሁኑኑ ይጀምር። ጎን ለጎን ከዶይቸ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት የሦስት ደቂቃ ዘገባ ሳያቋርጥ ሁለት ጊዜ ይስማና ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ሦስተኛው ዙር ለእርማት ነው። ቁጥርና ጊዜ ላይ ይጠንቀቅ፦ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» በአሜሪካ አቆጣጠር 9 ሰዓት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል።

ምስጢራዊ መረጃ ለማየት የሚያስፈልገው ፈቃድ ማመልከቻ፣ ስታንዳርድ ፎርም 86፣ ያለፉትን 7 ዓመታት የውጭ ጉዞና ከውጭ አገር ዜጎች ጋር ያለ የቅርብ ግንኙነት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላሉ አያቱ አዘውትሮ የሚደውል ከሆነ ይጻፋቸው። እዚያ ዘመድ መኖሩ ብቻውን አይጥለውም፤ ሆን ብሎ መደበቁ ግን ዋነኛ መውደቂያ ነው። የዘመዶቹን ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ ከወዲሁ ያሰባስቡለት።

ጥያቄ፦ ዲግሪ ላለውስ ምን መንገድ አለ?

መልስ፦ የውጭ አካባቢ መኮንንነት፣ ማለትም የአንድን ክፍለ ዓለም ቋንቋና ሁኔታ ጠንቅቆ የሚያውቅ መኮንን መሆን፣ አለ፤ ግን በቀጥታ አይገባበትም። በሌላ ሙያ ጥቂት ዓመት በመኮንንነት ካገለገለ በኋላ ይመረጣል፤ ከዚያ የቋንቋ ትምህርት፣ በተመደበበት ክፍለ ዓለም መኖርና ማስተርስ ይከተላሉ። የአፍሪካ ቀንድ የሚወድቀው ከሰሃራ በታች ባለው ምድብ ነው።