«ልክ እኔን ነው!» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና በሸዋ ሮቢት የምትማሩ ብዙዎቻችሁ በቴሌግራም የሚዞረውን የስብዕና ፈተና ሞልታችሁ «ልክ እኔን ነው!» ትላላችሁ። በውጤቱ ተመርታችሁ የትምህርት ክፍል የምትመርጡም አላችሁ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን የስብዕና መጠይቅ አስሞላና ከሳምንት በኋላ ለየአንዳንዳቸው «ውጤታችሁ» ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው። ምን ያህል እንደገለጻቸው ከ5 ነጥብ ሲሰጡ አማካዩ 4.26 ሆነ። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ነበር፤ አብዛኛውንም የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። «ሰው እንዲወዳችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ራሳችሁን ግን ትነቅፋላችሁ» የሚል ዓይነት ነበር። ይህ የማይገልጸው ሰው ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ቢፈለግ አይገኝም።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ አሥር ሆናችሁ ፈተናውን ሙሉ። ያልተፈተነ አንድ ሰው ከውጤቶቹ ላይ ስማችሁን ያጥፋና ለየአንዳንዳችሁ አምስት አምስት ጽሑፍ ይስጥ፤ አንዱ የራሳችሁ፣ አራቱ የሌሎች። የራሳችሁን ለዩ። በግምት ብቻ ከአሥራችሁ ሁለት ያህል ታገኛላችሁ፤ ሦስት ወይም አራት ብታገኙም ከዕድል አያልፍም። ስምንት ብታገኙስ? ያኔም አትቸኩሉ። «ብቻዬን መሆን እወዳለሁ» ብላችሁ ስትሞሉ «ብቻህን መሆን ትወዳለህ» የሚል ፈተና የነገራችሁትን መለሰላችሁ እንጂ ምንም አልጨመረም።

ሰውን «ዝምተኛ» ወይም «ተጫዋች» እያሉ በሁለት ጎራ የሚከፍሉት ፈተናዎችም ችግር አለባቸው። አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ነው፤ መስመሩም የሚሰመረው እዚያው ስለሆነ የሁለት ጥያቄ ለውጥ ወደ ሌላው ጎራ ይጥላችኋል። ከአምስት ሳምንት በኋላ የቀድሞውን ሳታዩ ድገሙት፤ ጎራችሁ ከተቀየረ የትምህርት ክፍል አትምረጡበት።

«እኔ በማየት፣ እሱ በመስማት ነው የሚገባን» የሚለውንም በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ግምገማ በቂ ማስረጃ አላገኘለትም። ደብተር ዘግቶ ራስን መጠየቅና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ መድገም ግን ብዙ ጊዜ ተፈትነው ያለፉ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋኝ ወላጆቻችሁ በግ ሸጠው የላኩት ገንዘብ «አእምሮ የሚከፍት ሥልጠና» ላይ ሲጠፋ ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ 40 ተማሪዎች ሠለጠኑ፣ በቀጣዩ ፈተና ውጤታቸው ከፍ አለ እንበል። በመጀመሪያው ቀን አንዳንዱ ታሞ ነበር፣ አንዳንዱ ያላጠናው ምዕራፍ መጥቶበት ነበር፤ እነዚህ ሳይሠለጥኑም ይሻላቸው ነበር። ስለዚህ በዕጣ 20ው ይሠልጥኑ፣ 20ው ይጠብቁ፣ ከዚያ ይወዳደሩ። ዕጣው ግድ ነው፤ በፈቃደኝነት ከተከፈሉ ትጉሁ ሁሉ አንድ ወገን ይሰበሰባል።

ሥነ ልቦናም ራሱን እንዲህ ይፈትሻል። በ2015 እ.ኤ.አ. 100 ያህል ጥናቶች እንደገና ሲሠሩ የቀድሞ ውጤታቸው የተደገመው ከሲሶው ትንሽ የሚበልጡት ብቻ ናቸው፤ ይህንንም ባለሙያዎቹ ራሳቸው በይፋ አሳተሙት።

ለአሠልጣኙ ከመክፈላችሁ በፊት «ምን ቢታይ ሥልጠናው አይሠራም ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ያልሠራለት ያላመነበት ሰው ነው» ብሎ ከመለሰላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።