«አምኖ ተፈረደበት፣ ይግባኝ አለን?»

አንዲት እህት ከአዲስ አበባ ጽፋልኛለች። ወንድሟ በአንድ ሱቅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲሠራ እምነት በማጉደል ተከሰሰ። «ካመንክ ይቀልልሃል» ተብሎ ችሎት ላይ አመነ። 2 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደበት፤ 380,000 ብር ካሳ እንዲከፍልም ተወሰነ። «ይግባኝ ማለት እንችላለን? ከፊሉን እኮ በሽማግሌ ከፍለናል» ትላለች።

እህቴ፣ ይቻላል። ግን አምኖ የተፈረደበት ሰው «አልሠራሁም» ብሎ ይግባኝ ማለት አይችልም። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185 መሠረት የቀረው የቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ነው፤ የካሳውን ልክም መቃወም ይቻላል።

ፍርዱ መቼ እንደተሰጠ ግን አልጻፍሽልኝም። ከሁሉ በፊት መጻፍ የነበረብሽ እሱን ነው። ይግባኝ እንደምትሉ ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ማስታወቅና የፍርዱን ግልባጭ መጠየቅ አለባችሁ። ግልባጩን ከወሰዳችሁ በኋላ ቅሬታውን ለማስገባት 30 ቀን አለ። 15ቱ ካለፈ በቂ ምክንያት አቅርቦ ማስፈቀድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ሌላው፣ ወንድምሽ ሲያምን በትክክል ምን አለ? «ወስጃለሁ፣ ግን ያን ያህል አይደለም» ብሎ ከሆነ ይህ ሙሉ እምነት አይደለም፣ እንደ ክህደት መመዝገብ ነበረበት። የእምነት ክህደት ቃሉን፣ ማለትም ችሎት ላይ ለክሱ የሰጠውን መልስ፣ ከመዝገቡ አስገልብጣችሁ ለጠበቃ አሳዩ።

አሁን ወደዚያች በጨረፍታ ወዳለፍሻት «በሽማግሌ ከፍለናል» ልመለስ። ስንት ከፈላችሁ? ለማን? ከፍርዱ በፊት ነው በኋላ? ወረቀትስ አለ? አትቀየሚኝና የለም ብዬ እጠረጥራለሁ። ቤተሰብ ደንግጦ ብር ያሰባስባል፣ ዘመድ ይበደራል፣ በሽማግሌ ፊት እጅ በእጅ ይሰጣል፣ «በመሐላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» ይባባላል። ከዚያ ተቀባዩ አንድ ቀን «ያ ለእርቅ የተሰጠኝ ነው፣ ከካሳው አይገባም» ይላል፣ ወይም ጭራሽ አልተቀበልኩም ይላል። ደንበኞቼ እየተመላለሱ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው፣ ባየሁት ቁጥር ያመኛል። የምታጡት ደግሞ ሁለት ነገር ነው። ከፍርዱ በፊት ጉዳትን በተቻለ መጠን መካስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የቅጣት ማቅለያ ነው፤ ማስረጃ ሳይቀርብ ግን ዳኛው ከየት አምጥቶ ይቆጥርላችኋል? ካሳውም ላይ ያው ብር ሳይቀነስ ይቀርና ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ብሩን የተቀበላችሁ ሰውዬ ጋ ሂዱ። በሰላም፣ ያለ ማስፈራራት። ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መዝገብ ለተወሰነው ካሳ እንደተቀበለ ይጻፍ፤ እሱም ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። «ለካሳው» የሚለው ቃል እንዳይቀር። አልፈርምም ካለ የሽማግሌዎቹን ስምና የሚያውቁትን መዝግባችሁ ያዙ፤ ብሩ ከባንክ ወይም ከቴሌብር ወጥቶ ከሆነም የሒሳብ መግለጫውን አውጡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በአብዛኛው የሚያየው መጀመሪያ የፈረደውን ፍርድ ቤት መዝገብ ስለሆነ፣ አዲስ ሰነድ እንዲቀበላችሁ በቅሬታችሁ ውስጥ ምክንያቱን ገልጻችሁ መጠየቅ አለባችሁ። እዚህ ላይ ጠበቃ የግድ ነው፤ አቅም ከሌላችሁ መንግሥት የሚመድበውን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ።

ደግሞም ሰውዬው ቢታረቃችሁና ሙሉውን ብትከፍሉት እስሩ በራሱ ጊዜ አይነሣም። «ክሱን አነሣለሁ» ብሎ ተጨማሪ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ አትስጡ። ፍርዱን፣ የወንድምሽን የእምነት ክህደት ቃልና የከፈላችሁበትን ማስረጃ አንድ ላይ አድርጋችሁ መጀመሪያ ጠበቃ ይየው፣ ከዚያ በፊት ከእንግዲህ አንድ ብር እጅ በእጅ አትስጡ።