«ዝገት አጥንቼ ማን ይቀጥረኛል?»

የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኬሚስትሪ ማስተርስሽን ሁለተኛ ዓመት ልትጀምሪ ነው። አማካሪሽ የዝገት ዘመድ በሆነው ብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም በሂማታይት ኤሌክትሮድ ላይ፣ በብርሃን ጉልበት ውሃን ኦክሲዳይዝ ስለማድረግ (ኤሌክትሮኑን ነጥቆ ኦክስጅን ስለማውጣት) እንድትሠሪ ይፈልጋሉ። አጎትሽ ደግሞ «መድኃኒት ፋብሪካ የሚያስገባሽን ርዕስ ያዢ፤ ዝገት አጥንተሽ ማን ሊቀጥርሽ ነው?» አሉሽ። ላቦራቶሪው የፀሐይ ብርሃን ማስመሰያ መብራት የለውም ማለትሽንም አይቻለሁ።

እህቴ፣ አጎትሽ የጠየቁት ስለ እንጀራ ነው፤ አትቀየሚያቸው። «የሂማታይት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። በሂማታይት ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጂን እያመረተ ገበያ የገባ መሣሪያም በየትም አገር የለም። ይህን አውቀሽ ግቢበት። እኔ ግን ርዕሱን ያዢው ባይ ነኝ።

ሂማታይት ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገው ማዕድን ነው። ርካሽ ነው፣ መርዝ የለውም፣ በኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ውሃ ውስጥ ብዙ ቢቆይም አይሟሟም። እ.ኤ.አ. በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን የታይታኒየም ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ በብርሃን ውሃን እንደሚሰነጥቅ አሳዩ። ችግሩ ታይታኒየም ኦክሳይድ የሚጠቀመው አልትራቫዮሌቱን ብቻ ነው። ሂማታይት ግን በዓይን ከሚታየው ብርሃን ብዙውን ይውጣል። በስሌት ከሄድን በሙሉ ፀሐይ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 12.6 ሚሊአምፔር ከረንት መስጠት ነበረበት። በስዊዘርላንድ ሎዛን የተመራማሪው ግሬትዘል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ጥቂት ሲሊከን ጨምሮ ያገኘው 2.2 ነው፤ ያኔ ትልቅ ውጤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም አብዛኛው ሥራ አሁንም ከስሌቱ ግማሽ በታች ነው።

የቀረው የት ገባ? ብርሃን ኤሌክትሮኑን ሲያስነሳው ቦታው ባዶ ይቀራል። ይህ ባዶ ቦታ፣ «ሆል» የምንለው፣ ውሃው ጋ ደርሶ ኤሌክትሮን መንጠቅ አለበት። ግን በሂማታይት ውስጥ የሚጓዘው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ብርሃኑ ደግሞ ከ100 ናኖሜትር በላይ ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። የደረሰውም ቢሆን ወረፋ ይጠብቃል፤ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለመውጣት አራት ኤሌክትሮኖች መነጠቅ አለባቸው።

እንግዲህ የዚህ ርዕስ ሥራ ኪሳራ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል። ሙያሽም እሱ ይሆናል።

አንድ ሙከራ ላሳይሽ። ኤሌክትሮድሽን 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አድርገሽ ከረንቱን ትለኪያለሽ። ከዚያ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጨምረሽ ትደግሚዋለሽ። ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ዓይነት ኬሚካል ነው፤ አንቺ ግን ንጹሁን የላቦራቶሪ ተጠቀሚ። ፐርኦክሳይድ ከውሃ ይልቅ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ይለቃል። ከረንቱ ተስፈንጥሮ ከወጣ፣ ሆሎቹ ገጹ ድረስ ይመጡ ነበር፣ የጎዳቸው የውሃው ዝግታ ነው። ንቅንቅ ካላለ ግን ጉዳቱ ከውስጥ ነው። መስታወቱ ላይ ያለውን የሂማታይት ሽፋን ማሳሳት ወይም ጥቂት ታይታኒየም ጨምረሽ ማሻሻል ይኖርብሻል። ከዚያ መብራቱን በካርቶን ጋርደሽ ግለጪው። ከረንቱ ሽቅብ ዘሎ ወዲያው ሲወርድ ካየሽ፣ ሆሎቹ ገጹ ላይ ተከማችተው ከኤሌክትሮን ጋር መልሰው እየተጠፋፉ ነው ማለት ነው። በስክሪኑ ላይ ያንን ሹል መስመር ያየ ተማሪ የመጽሐፉን ምዕራፍ ሌላ ሰው ሳያስረዳው ይገባዋል።

ይህን ማድረግ የቻለ ሰው ፖቴንሺዮስታት (ቮልቴጅ እየተቆጣጠረ ከረንት የሚለካውን መሣሪያ) ያውቃል፣ ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ሴል መግጠም ያውቃል፣ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት ያለውን መቋቋም) ማንበብ ያውቃል። ባትሪ ላይ የሚሠራውም፣ ቧንቧ እንዳይዝግ የሚከላከለውም፣ ብረት የሚለብጠውም፣ የውሃ ጥራት ሴንሰር የሚሠራውም የሚይዘው ያንኑ ዕቃ ነው። ታይፔይ ያለው የታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን በባትሪና በኤሌክትሮኬሚስትሪ ዶክትሬት የሠሩበት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ስታመለክቺ «ሂማታይት አጥንቻለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። «የከረንት ኪሳራን ገጽ ላይና ውስጥ ለይቼ ለክቻለሁ» በይ። ሲቪሽ ላይም እንደዚያው ጻፊ። መድኃኒት ፋብሪካ ማመልከት ከፈለግሽ ደግሞ የመለካት ጥንቃቄሽን፣ የመዝገብ አያያዝሽን አስቀድሚ። በሩ አልተዘጋም።

መብራቱ አያስጨንቅሽ። ሂማታይት የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጥ የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ኤልኢዲ ይበቃሻል። የሞገድ ርዝመቱንና ኃይሉን ለክተሽ በግልጽ ጻፊ እንጂ «በፀሐይ ብርሃን» ብለሽ አትጻፊ። ከሌሎች ሪከርድ ጋርም አትፎካከሪ፤ የአንቺ ጥያቄ ኪሳራው የት ነው የሚለው ይሁን።

እኔን የሚያሳስበኝ ፈርነሱ፣ ማለትም ናሙና የሚጋገርበት ምድጃ ነው። ከብረት ክሎራይድ የምታወጪው ሽፋን መጀመሪያ ቢጫ ነው። 500 ዲግሪ አካባቢ ሲጋገር ይቀላል። ለማስተርስ ስሠራ ማሞቂያው መሃል ላይ መብራት ሄደ። ናሙናዎቹ ቀይ ሆነው ስለወጡ ደህና ናቸው ብዬ ለካኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ ቁጥሮቼ እርስ በርስ አልተስማሙም፤ መንስኤው እሱ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። በጣም አዘንኩ። አንቺ መብራት የጠፋበትን ናሙና ያለ ምንም ማመንታት ጣይው፤ ቀኑንም ማስታወሻሽ ላይ አስፍሪ።

ርዕሱ ላይ ከመፈረምሽ በፊት አማካሪሽን ጠይቂያቸው። ፖቴንሺዮስታቱ ይሠራል? በሳምንት ስንት ቀን ይደርሰኛል? ሽፋኑ የሚቀመጥበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው መስታወት እጃችን ላይ አለ ወይስ ገና ከውጭ ይታዘዛል? «ገና ነው» ካሉሽ መድረሻ ቀኑን በጽሑፍ ያዢ። እስኪመጣም ላቦራቶሪው ያለውን መስታወት በትናንሹ ቆርጠሽ ጀምሪ። 1 በ2 ሴንቲሜትር ቁራጭ ለዚህ ሙከራ በቂ ነው።