ሁለቱም ሉህያ ናቸው፤ ታዲያ ለምን አይግባቡም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ናይሮቢ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አለኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ከቪሂጋ የመጣች ሉህያ ናት። ሰሞኑን የወንድሟ ሚስት ከቡንጎማ ልትጠይቃት መጣች፤ እሷም ሉህያ ነኝ አለችኝ። ሰላምታ ተለዋውጠው እንደጨረሱ ግን ሁለቱም ወደ ስዋሂሊ ገቡ። ልጅቷን ምነው ብላት «የእነሱ ሉህያ ሌላ ነው» አለችኝ። ሉህያ የሚባል ቋንቋ አለ? ወይስ የስዋሂሊ ዘዬ ነው?
አንባቢዎ፣ ከናይሮቢ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው። የሉህያ አገር በሆነው ምዕራብ ኬንያ፣ ካካሜጋ ከተማ ሂሳብ አስተምር በነበረበት ጊዜ በመምህራን ክፍላችን የማየው ይህንኑ ነበር። ከቡሲያ፣ ከቡንጎማና ከቪሂጋ የመጡት ባልደረቦቼ ሁሉም ሉህያ ነን ይላሉ፤ ሻይ ቀርቦ ጨዋታ ሲጀመር ግን መግባቢያቸው ስዋሂሊ ነው።

በቅድሚያ የስዋሂሊውን ነገር ልመልስ። ሉህያ የስዋሂሊ ዘዬ አይደለም። ሁለቱም ከባንቱ ቋንቋዎች ወገን ስለሆኑ ዝምድናቸው ጆሮ ላይ ይሰማል። ስዋሂሊ ሰውን «ምቱ»፣ ሰዎችን «ዋቱ» ይላል፤ በአብዛኞቹ የሉህያ ዘዬዎች «ኦሙንዱ» እና «አባንዱ» ነው። የቃሉ መጀመሪያ ክፍል ሲለወጥ ነጠላው ብዙ ይሆናል። ሕዝቡ አባሉህያ፣ አንዱ ሰው ኦሙሉህያ፣ ቋንቋው ኦሉሉህያ የሚባለውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

ሉህያ የሚለው የጋራ ስም ግን የቅርብ ጊዜ ነው። እንግሊዞች ይህን ሕዝብ «ባንቱ ካቪሮንዶ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራው ቡኩሱ፣ ማራጎሊ፣ ዋንጋ፣ ባንዮሬ፣ ኢሱኻ፣ ኢዳኾ፣ ቲሪኪ፣ ሳሚያ፣ ካብራስ እያለ ነበር። እንዲህ ያሉ ወገኖች ኬንያ ውስጥ አሥራ ስምንት ገደማ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመሬትና የአስተዳደር ጥያቄ ያነሱ የተማሩ ወጣቶች «በየጎጣችን ብንጮኽ ማን ይሰማናል» ብለው የጋራውን ስም አስፋፉት። እኔ ይህን ሥራቸውን እጅግ አከብራለሁ። ከላይ የተጫነባቸውን ስም ትተው ራሳቸው የመረጡትን ይዘው ቆሙ፤ በ2019ኙ የኬንያ ቆጠራ 6.8 ሚሊዮን ሆነው ከኪኩዩ ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ ሕዝብ ናቸው።

ስሙ ሲሰምር ቋንቋው ለምን አልሰመረም ይሉኝ ይሆናል። ተሞክሮ ነበር። በ1940ዎቹ አንድ የጽሑፍ ሉህያ የሚያበጅ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አፕልቢ የተባሉ የአንግሊካን ሚስዮናዊትም በ1947 የሰዋስው መጽሐፍ አሳተሙ። መሠረቱ የመካከለኛው አካባቢ ዘዬዎች ነበሩ። ማራጎሊዎች ግን አልተቀበሉትም። ከ1902 ጀምሮ እዚያው አካባቢ ካይሞሲ በተባለ ቦታ የሰፈሩት ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን ሚስዮናውያን በማራጎሊ ቋንቋ ማስተማሪያና ቅዱሳት መጻሕፍት አዘጋጅተውላቸው ስለነበር፣ ልጆቻቸው ማንበብ የለመዱበትን ቋንቋ ለምን ይተዉ? በራሳቸው ቋንቋ ገፍተው በ1951 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ አገኙ። ቡኩሱዎችም እንዲሁ ራቁ። ልዩነቱ የእልህ ብቻ አልነበረም። ቡኩሱ መብላትን «ኹሊያ» ሲል ማራጎሊ «ኩሊያ» ይላል፤ ያ ከጉሮሮ የሚወጣው «ኽ» ማራጎሊዎች ዘንድ የለም። እንዲህ ያለው ልዩነት በየቃሉ ሲደራረብ አድማጭ ይጠፋዋል። ለቡኩሱ የቋንቋ ሥጋ ዘመዱ ይልቁንም ከድንበር ማዶ፣ ኡጋንዳ ውስጥ በኤልጎን ተራራ የሚኖረው ጊሱ ነው።

ከአገራችን የሚቀርብልኝ ጉራጌ ነው፤ ቸሃና ሶዶ በአንድ ስም ተጠርተው፣ ሲያወሩ አማርኛ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ጉራጌነታቸውን ግን ማንም አይጠራጠረውም።

የጋራው ስም ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ያየሁት ስታዲየም ውስጥ ነው። የሉህያዎች የእግር ኳስ ክለብ ኤኤፍሲ ሌፓርድስ በ1964 ሲቋቋም ስሙ አባሉህያ ዩናይትድ ነበር። መንግሥት የጎሣ ስም ያላቸው ክለቦች ስማቸውን ይለውጡ ሲል በ1980 የዛሬውን ስም ያዘ። ደጋፊው ግን ያው ነው፤ ቡኩሱው ከማራጎሊው ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ «ኢንግዌ» እያለ ነብሩን ሲጠራ፣ ከበሮው ሲመታ፣ የማን ዘዬ እንደሆነ የሚጠይቅ አላየሁም። የኢሱኻና የኢዳኾ የኢሱኩቲ ጭፈራ በ2014 በዩኔስኮ አስቸኳይ ጥበቃ በሚሹ ቅርሶች ዝርዝር መግባቱን ግን ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ከተማ ያደጉ ወጣቶች ከበሮውን የሚያውቁት ከመድረክ ብቻ እየሆነ ነው።

አሁን ለእርስዎ የሚጠቅመውን ልንገርዎት። ልጅቷን «ሉህያ ነሽ?» ከማለት «ከየትኞቹ ሉህያ ነሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ፊቷ ሲበራ ያያሉ። ቪሂጋ ከሆነች ማራጎሊ፣ ባንዮሬ ወይም ቲሪኪ ልትሆን ትችላለች። የቡንጎማዋ ሴት ቡኩሱ ወይም ታቾኒ ሳትሆን አትቀርም። ጠዋት ሲገናኙ «ሙሌምቤ» ይበሏቸው፤ ሰላም ማለት ነው፣ ሁለቱም ይመልሱልዎታል። የቡንጎማዋ ቡኩሱ ከሆነች ደግሞ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ዓመቱ ሙሉ ቁጥር በሆነ ጊዜ፣ በነሐሴ ግድም የልጆች ግርዘት በዓል አላቸው፤ ከጋበዙዎት ምግብ ቤቱን ለአንድ ሰው አደራ ብለው ይሂዱ።