ጠዋት ጠዋት እምቢ የሚል ሪሞት

ደብረ ብርሃን የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አላርም የተገጠመላት ቪትዝ አለችኝ። ጠዋት ስወጣ ሪሞቱን ብጫን ብጫን አትከፍትም። ረፋድ ላይ የመጀመሪያውን ዝም ትልና በሁለተኛው ትከፍታለች። ሸዋ ሮቢት ስወርድ ግን እንደ አዲስ ነው። ትርፉ ሪሞት ሁሌም ይሠራል። ባትሪ ቀይሬያለሁ። አንድ ጋራዥ የአላርሙ ኮምፒውተር ተቃጥሏል ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ትርፉ ሪሞት ከሠራ መኪናዋ ውስጥ ያለው የአላርሙ ሳጥን ጤነኛ ነው። እኔን የጠቆመኝ ሸዋ ሮቢት ነው። ጣርማ በርን አልፎ ቆላ ሲወርዱ የሚድን በሽታ የብርድ በሽታ ነው። ደካማ ባትሪ በውርጭ ጉልበት ታጣለች፤ ዝም ብለህ ስትለካት 3 ቮልት ታሳይህና በተኑን ስትጫን ቁልቁል ትወርዳለች። ቀየርኩ ያልከው ባትሪ ደግሞ ማሸጊያ የሌለው፣ መንገድ ዳር በፌስታል የሚሸጠው ከሆነ፣ አልቀየርክም ማለት ነው።

በሁለተኛው ለምን ይከፍታል? ይቺን ማስረዳት ስለምወድ ታገሰኝ። ሪሞቱ ውስጥ ቆጣሪ አለ። በተኑን በተጫንክ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ ቁጥሩን በሚስጥር ቀመር ቀይሮ ይልከዋል። አላርሙ ሚስጥሩን ስለሚያውቅ ይፈታዋል፤ መጨረሻ የተቀበለውንም ቁጥር መዝግቦ ይዟል። የመጣው ቁጥር ከተመዘገበው ትንሽ ወደፊት ከሆነ ይከፍታል፤ ወደኋላ ከሆነ አይከፍትም። ሌባ የትናንቱን ምልክት ቀድቶ ዛሬ ቢልከው እንደ ተቀደደ የአውቶቡስ ትኬት ነው፣ አያሳፍረውም። አሁን አንተ ውርጭ ላይ ቆመህ ትጫናለህ፣ ሪሞቱ ይቆጥራል፣ ሞገዱ ግን ስለደከመ መኪናዋ አትሰማም። ኪሎክ በሚባለው፣ ብዙ አላርሞች በሚጠቀሙበት አሠራር፣ እስከ 16 ድረስ ብትቀድማት ግድ የላትም። ከዚያ ካለፈ ትጠራጠራለች። የመጀመሪያውን ትሰማና ዝም ትላለች፤ ቀጥሎ የመጣው ቁጥር የእሱ ተከታይ ከሆነ «እሱ ራሱ ነው» ብላ ትከፍታለች። አንተን ረፋድ ላይ የሚገጥምህ ይሄው ነው። ይህ የሁለቴ መጫን ነገር ከ32 ሺህ በላይ ቁጥር ድረስ ይሠራል፣ ስለዚህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲጫወትበት ቢውል እንኳ አይበላሽም።

ስለ ልጅ ካነሳን፣ ሪሞቱን ከመክፈትህ በፊት ልጆችን ከአካባቢው አርቅ። ይቺ ክብ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ልታቃጥል ትችላለች። አላለቀችም፣ አለቀች፣ ልዩነት የለውም።

ሪሞቱን በቀጭን ካቻቪቴ ፈልቅቀህ ክፈት። ውስጡ የሲጋራ ብር ወረቀት ተጣጥፎ ከባትሪው ሥር ተወትፎ ብታገኝ አትገረም፤ በየጊዜው የማየው ጥገና ነው። አውጥተህ ጣለው። ከዚያ የባሰው ባትሪው ላይ በቀጥታ ሽቦ የሚበይደው ነው። ይህ ባትሪ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል፣ እንዲህ ያለ ሥራ ካገኘህ ቦርዱን ሳትነካካ አምጣው። ንጹሕ ከሆነ ግን ባትሪው የሚነካቸውን ብረቶች በላጲስ እሻቸው፣ በአልኮል ጥረግ፣ የላላውን ምላስ በጥንቃቄ ትንሽ ቀና አድርገው። ሲአር2032 የሚባለውን አዲስ ክብ ባትሪ ከታሸገ ካርቶን ግዛ፣ ፊትና ጀርባውን በእጅህ ሳትቀባባ አስገባ። ባትሪ ስታወጣ ኮዱ ይጠፋል የሚሉህን አትስማ፣ ቆጣሪው ያለ ባትሪም ይቀመጣል። ከዚያ በተኑን ተጭነህ እንደያዝክ በቴስተር ለካ። ከ2.8 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ፎርጅድ ነው ወይ ብረቱ አልነካም። ደህና ከሆነ መኪናዋ አጠገብ ቆመህ ሁለቴ ተጫን፣ አለቀ።

የወጣውን ባትሪ በፕላስተር ጠቅልለህ ልጅ የማይደርስበት አስቀምጥ፣ ጠረጴዛ ላይ እንዳትተወው። ልጅ ዋጠ ብለህ ከጠረጠርክ አታስታውከው፣ ወዲያው ሆስፒታል ሩጥ።

ሪሞት በ10 ደቂቃ ኮፒ እናደርጋለን የሚሉህን ደግሞ ጠንቀቅ በላቸው። ምልክቱን ቀድተው ብቻ የሠሩት ኮፒ መኪናህን ደጋግሞ ከከፈተ፣ አላርምህ ኮዱን የማይቀያይር ርካሽ ዕቃ ነው ማለት ነው፣ ሌባም በዚያው መንገድ ይከፍተዋል። ያኔ ነው አላርሙ የሚቀየረው። ሪሞት ጠፍቶብህ አዲስ ስታስገጥም ደግሞ ድሮ የተመዘገቡትን በሙሉ አስጠፍተህ ያሉህን እንደገና አስመዝግብ።

ይህን ሁሉ አድርገህ ነገም ጠዋት እምቢ ካለ፣ በተኑ ተጭኖ ስንት ቮልት እንዳሳየህ ጻፍልኝ።